«ገንዘብህ ይሥራልህ» — የቱ ገንዘብ?

ድሬዳዋ ውስጥ መጽሐፍ የሚገዛው ፀሐይ ከበረደ በኋላ ነው። ቀትር ላይ ሻጩም፣ ገዥውም፣ መጽሐፉም ይተኛሉ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከከዚራ ዛፎች ሥር ነፋስ ቢጤ ሲነሣ አዟሪዎቹ ላስቲካቸውን አንጥፈው መደርደር ይጀምራሉ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ምሽት እኔም ከአንዱ አዟሪ ፊት ቁጢጥ ብዬ ነበር። ኪሴ ውስጥ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ አለ፤ ፊቴ ላይ ግን ሁለት መጽሐፍ ተጋድሟል። አንደኛው ገንዘብን አክሲዮን ላይ ስለ ማዋልና ተኝቶ ስለ መበልጸግ የሚሰብክ ነው። ሁለተኛው ሥራ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚያልፍ፣ የት ላይ እንደሚቆምና ለምን እንደሚቆም የሚተነትን፣ ሽፋኑ ደብዛዛ፣ ሥዕሉ ሣጥንና ቀስት ብቻ የሆነ ነው። የሁለቱንም ርዕስ አልጽፍም፤ ማስታወቂያ አይደለሁም።

«አቦ፣ ይኼን ውሰድ» አለኝ አዟሪው የመጀመሪያውን እየገፋልኝ። «ያኛው ለመሥሪያ ቤት ነው። ይኼ ሀብታም ያደርግሃል።»

«አንተን አደረገህ?»

«እኔ መች አነበብኩት? እሸጠዋለሁ እንጂ።»

በከተማችን ስለ ኢንቨስትመንት ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይህን ያህል ሐቀኛ የሆነ አላጋጠመኝም። ሁለተኛውን ገዝቼ ሄድኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ምርጫዬ ትክክል እንደ ነበር ለመከራከር ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ክርክሬ ትንሽ ሊንገዳገድ እንደሚችልም ከወዲሁ እናገራለሁ።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ነው። ታላቅ እህቴ መጋላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንዲት ተቀጣሪ፣ አንድ ተላላኪ ልጅ አሏት። በዚያ ወር የዕቁብ ዕጣ ወጣላትና 120,000 ብር እጇ ገባ። ጊዜው ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በስልክ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ሽያጩ የተከፈተው ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ጥር 2 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ። ይህ ሁሉ በሬዲዮ ሲነገር፣ በየበርጫው ሲተነተን፣ እህቴ ተቁነጠነጠች። «ሙሉውን ላስገባ ነው» አለችኝ። እኔም ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ የተማርኩ እንጂ የገንዘብ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም በቤታችን መጽሐፍ የሚያነብ እኔ ስለሆንኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

መቼም አንባቢዬ እነዚያን ሰባኪዎች ሳታውቃቸው አትቀርም። ከረባት አስረው፣ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው፣ የመግቢያ ዋጋ አስከፍለው «ለገንዘብ አትሥራ፣ ገንዘብህ ይሥራልህ» የሚሉት። ከአዳራሹ በር ላይ መጽሐፋቸው ይሸጣል። ያዳመጠው ወጣት ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። የቱ ገንዘብ? ከደመወዙ የቤት ኪራይ፣ ጤፍና የልጅ ትምህርት ቤት ሲቀነስ የሚተርፈውን የማያውቅ ሰው «ገንዘብህ ይሥራልህ» ሲባል፣ በቅሎ የሌለውን ሰው ስለ ኮርቻ አመራረጥ እንደ ማስተማር ነው።

ለእነሱ ፍትሐዊ ልሁን። የሚያነሡት አንድ ብርቱ ነጥብ አለ፤ እሱን ሳልነካ ባልፍ ራሴን አታልላለሁ። ገንዘብ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይሞታል። የባንክ የቁጠባ ወለድ ትንሹ መጠን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 7 ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚህ መካከል ባንክ ደብተሩን አቅፎ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳያጠፋ ተቀጣ። እናቶቻችን ወርቅ የሚገዙት፣ ነጋዴው ብሩን ወደ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚለውጠው ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ስለዚህ «አስቀምጪው» ብዬ እህቴን አልመከርኳትም። የዕቁብ ገንዘብ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን እሷ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች።

ከዚህ በኋላ ግን አንለያያለን።

እኔ ራሴ አክሲዮን ገዝቼ አውቃለሁ። የዛሬ ዐሥር ዓመት ግድም፣ አንድ በመቋቋም ላይ ያለ ኩባንያ፣ ስሙን አልጠራም፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሕንፃ አሳይቶ 15,000 ብር ተቀበለኝ። ደረሰኝ ሰጠኝ። ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል ተባለ፤ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተባለ፤ ቢሮው ተዛወረ ተባለ፤ ከዚያ ምንም አልተባለም። ደረሰኙ አሁንም አለኝ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ያንን ብር ስከፍል ኩባንያው ምን እንደሚያመርት፣ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት «መቼ ይከፋፈላል?» ብቻ ነበር።

ይህን ስናገር አንድ ወዳጄ «አንተ የደርግ ቅሪት ነህ፣ ሀብት ትፈራለህ» ይለኛል። አይደለም። እንዲያውም የአክሲዮን ነገር እንግዳ ሆኖብን የቀረው ታሪክ ስለ ቆረጠን ነው ባይ ነኝ። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚገበያዩ ሰዎች ነበሩ፤ አብዮቱ መጣና ተዘጋ። በ1967 ዓ.ም. ባንኩ፣ ፋብሪካው፣ መሬቱ፣ ትርፍ ቤቱ የመንግሥት ሆነ። አንድ ትውልድ ሀብቱ በአዋጅ ሲወሰድ አይቶ ልጆቹን «ያለህን በእጅህ ያዝ» ብሎ አሳደገ። እነዚያ የምንተረጉማቸው መጽሐፎች ደግሞ ገበያው ሳይዘጋ አባት ለልጅ ያወረሰበት አገር የጻፋቸው ናቸው። የቤንጃሚን ግራሃም መጽሐፍ በ1949 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲታተም ሰውዬው የ1929ኙን ውድቀት በራሱ ገንዘብ ቀምሶ ነበር። ከመጀመሪያ ጀምሮ የሚለፋው ኢንቨስተርን ከቁማርተኛ ለመለየት ነው፤ የኩባንያውን መዝገብ መርምር፣ ለስሕተትህ ሰፊ ኅዳግ ተው ይላል። የእኛ አዳራሾች የወሰዱት ግን ምርመራውን ትተው ምኞቱን ነው።

ምኞትና መዝገብ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያስፈልግም ነበር። ይህች ከተማ የአክሲዮን ልጅ ናት። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግና ፈረንሣዊው ሼፍኖ ከአውሮፓ ገንዘብ አሰባሰቡ። ሐዲዱ ወደ ሐረር መውጣት ነበረበት። ተራራው ወጪ በዛበትና ቆላውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ቆመ። ኩባንያው እዚህ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነበር። ከሰረ። ሐዲዱ እዚሁ ተገትሮ ዓመታት አለፉ፤ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ በሌላ ውል ተተካ፤ አዲስ አበባ የተደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ልብ በል፤ ፓሪስ ላይ ወረቀቱን የገዛው ሰው ገንዘቡ ጠፋ። ከተማዋ ግን በዚያው ጊዜ አደገች። ለምን? ዕቃው ስለሚንቀሳቀስ። ከጅቡቲ የመጣው ጨርቅና ጨው እዚህ ወርዶ ግመል ላይ ይጫናል፤ ከደጋ የመጣው ቡናና ቆዳ እዚህ ባቡር ላይ ይወጣል። አውራጅ፣ ጫኝ፣ መዝጋቢ፣ አስተርጓሚ፣ ሻይ አፍዪ ሁሉ በዚህ እንቅስቃሴ ላይ ኖረ። ድሬዳዋን የሠራት ወረቀቱ አይደለም፤ ፍሰቱ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚሁ ምሥራቅ በኩል፣ በባቡር ቁጥጥርና በሐረር ጉምሩክ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የአንድ ሕዝብ ሀብት ወርቅና ብር በማከማቸቱ ሳይሆን በሥራውና በዕውቀቱ እንደሆነ ይከራከራል። መቶ ዓመት አልፎት አሁንም ከየአዳራሹ ስብከት የተሻለ የገንዘብ መጽሐፍ ነው፤ የሚገርመው አዟሪዎቹ ከታሪክ መጻሕፍት ጋር ነው የሚደረድሩት።

አባቴ ሸመንደፈር ነበር፤ በባቡሩ ጋራዥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ። የእኛ ሐዲድ ነጠላ ነው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ጣቢያ ላይ ቆሞ ያሳልፋል። አባቴ ማታ ማታ የሚያወራው ነገር ነበረው። «ሰው የሚመስለው ባቡር ቢጨመር ዕቃው ቶሎ የሚደርስ ነው። ማሳለፊያው ከሞላ ግን የጨመርከው ባቡር ሌላውንም ያስቆመዋል።» ያን ጊዜ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ደብዛዛ ሽፋን ያላት መጽሐፍ ሦስተኛ ምዕራፏ ላይ ይህንኑ በሣጥንና በቀስት አሳየችኝ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ይህንንም እናውቀዋለን» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። የሥራ ፍሰት ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ መከራችንን አይተንበታል። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመ የሐመርና የቻምፒ መጽሐፍ ዞሮ ዞሮ «ቢፒአር» ተብሎ ከየመሥሪያ ቤታችን ገባ። ግድግዳ ፈረሰ፣ ጠረጴዛ ተደረደረ፣ የመምሪያ ኃላፊው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ሆነ። ፋይሉ ግን ባለቤት አላገኘም። አንድ ጊዜ አንድ ተራ ወረቀት ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ አገልግሎቱ የሚፈጀው ጊዜ በሰዓትና በደቂቃ ተጽፏል። ወረቀቴን ያገኘሁት በዘጠነኛው ቀን ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ያንን ሰሌዳ ደጋግሜ ስላነበብኩት ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።

ከዚያ ካይዘን መጣ። ከጃፓን ጋር በተደረገ ትብብር ተሞክሮ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። እህቴ ያን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረችና ሥልጠናውን ወስዳለች። መጽሐፉን ሳሳያት ሣቀች።

«ካይዘን ነው እንዴ ያመጣህልኝ? ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት አይደል? አውቀዋለሁ። ወለሉ ላይ ቢጫ ቀለም ቀባን፣ ፎቶ ተነሣን፣ አለቀ።»

ይህ መልሷ አንጀቴን ነካው፤ ምክንያቱም ትክክል ናት። በዚህች አገር የሥራ ፍሰት መጽሐፍ ያነበበው ሁልጊዜ አለቃው ነው። ሠራተኛው የደረሰው ቀለሙ ነው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ያስጀመራት የ«ካንባን» ካርድ ትርጉሟ ቀላል ነበር፤ የሚቀጥለው ሰው እስኪፈልገው ድረስ አትሥራ፣ አትከምር። ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ነው፤ ዕቃ ሲነሣ ብቻ ይተካል። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያሻም። የሰፊ ሱቅም ይበቃዋል። እኔ የምቃወመው ሁለቱንም ዓይነት ማታለል ነው፤ ካፒታል ለሌለው ስለ ካፒታል መስበክንም፣ ሥራው ለሚታነቅበት ሰው ቀለም መስጠትንም።

ስለዚህ እህቴን አልሰበክኳትም። አንድ ቅዳሜ ሱቋ ገብቼ ጥግ ይዤ ቆጠርኩ። የተለካ፣ የተቆረጠ፣ ግማሽ የተሰፋ፣ ያለቀ የሚመስል ሁሉ ተደምሮ 90 ልብስ አለ፤ አብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርምና ሸሚዝ። በቀን የሚወጣው በአማካይ 6 ነው። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው ነገር አለ። ውስጥ ያለውን በቀን በሚወጣው ስታካፍለው አንዱ የሚቆይበት ጊዜ ይመጣል። 90 ለ6፣ 15 ቀን። እህቴ ለደንበኛው የምትለው ግን «ቅዳሜ ና» ነው። ቅዳሜ ይመጣል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ልብስ ሌላ ሰፊ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ደንበኛ እንዳይሸሽባት አዲስ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች፤ ክምሩ ይጨምራል፤ መቆያው ይረዝማል።

ሂሳቡ እዚህ ብቻ አያበቃም። ደንበኛው ቀብድ ከፍሏል፤ ቀሪው ሲረከብ ነው። አንዱ ላይ በአማካይ 400 ብር ቀሪ አለ። ዘጠና ጊዜ አራት መቶ፣ 36,000 ብር። ከስልክ ላይ ልትገዛው ከምትጓጓው ትንሹ አክሲዮን ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ገንዘብ ከሱቋ ጥግ ተቆልሎ አቧራ ይጠጣል። «ገንዘብሽ ይሥራልሽ» የሚላት ሁሉ ይህን ገንዘብ አላየውም። እሷም አላየችውም፤ ለእሷ ጨርቅ ነው።

ታዲያ ልብሱ የት ነው የቆመው? እሷ መፍትሔው ሦስተኛ የስፌት መኪና ነው ትል ነበር። ከዕቁቡ ሙሉውን አክሲዮን ካልገዛች መኪና ልትገዛ ነበር። ክምሩን ገለጥኩት። ከዘጠናው 50ው ስፌቱ ያለቀ ነው! የቀረው የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ። የቀዳዳ መኪና የላትም፤ ከፊራ ገበያ አጠገብ ያለ ሰው ዘንድ ትልካለች፤ ተላላኪውን ላለማመላለስ ደግሞ አጠራቅማ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ። የከፊራው ሰው ሐሙስ ሐምሳ ሸሚዝ ሲወርድበት የሌላ ሰው ሥራ ይዟልና ለማክሰኞ ይቀጥረዋል። የአባቴ ማሳለፊያ ማለት ይህ ነው። ሦስተኛ መኪና ብትገዛ ሐሙስ የሚላከው ሸሚዝ ሰባ ይሆን ነበር።

ልጁ በየቀኑ፣ ጠዋት ከሙቀቱ በፊት፣ የተገኘውን ስምንትም ይሁን ዐሥር ይዞ እንዲሄድ ተስማማን። የከፊራውም ሰው ስምንቱን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ይሠራዋል። ሁለተኛው ነገር ከበዳት። ግድግዳው ላይ 40 ምስማር መታን፤ ምስማሩ ከሞላ አዲስ ልክ አይወሰድም። «ደንበኛ ልመልስ?» ብላ ጮኸችብኝ። በድሬ ደንብ ታላቅና ታናሽ፣ አንተና እርስዎ የለምና እኔም ጮኽኩ። ለሁለት ሳምንት ተኳርፈን ነበር ብል አላጋነንኩም። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ምስማሩ ሞልቶ ስትመለስ «መቼ ይለቀቃል?» ብላ ጠይቃ ሄደች፤ በተባለችው ቀን ተመልሳ መጣች። ልብሷንም በተባለው ቀን ወሰደች። እህቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ኩርፊያው አልነበረም።

(ራሴን ላጋልጥ። ያን ሰሞን የራሴን ጠረጴዛም ቆጠርኩ። የተጀመረ ጽሑፍ 11፣ ያለቀ የለም፣ የተከፈለበት የለም። ለሁሉም አዘጋጅ «ቅዳሜ» ብያለሁ። ይህ የምታነበው ከዐሥራ አንዱ የመጀመሪያው ነው።)

እንግዲህ የመጽሐፍ ምርጫዬ ትክክል ነበር ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። የአክሲዮኑ ሽያጭም የካቲት 7 ቀን ከተዘጋ በኋላ ውጤቱ ታወጀ፤ ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ገዥው 47,377 ሰው። ለእኔ ይህ ቁጥር ብዙ ተናገረ። ሕዝቡ የመጽሐፍ ሰባኪ አላነሰውም፤ ያነሰው ትርፍ ብር ነው።

ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ክምሩ ወደ አርባ ሲወርድ ተኝቶ የነበረው ቀሪ ሂሳብ ተሰበሰበ። መኪናውም አላስፈለገም። የዕቁቡ 120,000 ብር ምንም ሳይነካ፣ የተሰበሰበውም ተጨምሮበት፣ ባንክ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ከላይ እንደ ጻፍኩት በየወሩ ሊቀጭጭ። እህቴ ለካ ሽያጩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ከእኔ ተደብቃ፣ 33ቱን አክሲዮን በቴሌብር ገዝታ ኖሯል። የተኳረፍን ጊዜ ነው። መልእክቱን አሳየችኝና ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ።

«በል አሁን የቀረውን ምን ላድርገው? ያንን ሌላውን መጽሐፍ ለምን አላመጣህልኝም?»

በማግስቱ አመሻሽ ከዚራ ወረድኩ። አዟሪው ላስቲኩን አንጥፎ ነበር። ሦስት ቅጂ ነበረው፤ ሁሉም ተሽጧል። «ነግሬህ ነበር፣ አቦ» አለኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ቀብድ ካስያዝከኝ አስቀምጥልሃለሁ።»